አስራ አንዱ ነጭ ፑፓዎች

«እነዚህማ እኔ ያጠብኳቸው ናቸው!» አለች አሰፋሽ፣ የልጇን ስልክ ከዓይኗ ራቅ አድርጋ እያየች።

ሮሃ ብርጭቆ እያደረቀች ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ወጥታ እናቷ ወደምትሠራበት አትላስ ያለው ጁስ ቤት ስትመጣ ሁልጊዜ የሚጠብቃት ሥራ ይኸው ነው። «ምን አልሽ እማ?»

«እነዚህን ነዋ። ሻጋታ ይዟቸው የነበሩትን።» አሰፋሽ ፎቶውን በጣቷ ነካ አደረገችው። በጥቁር ጨርቅ ላይ የተደረደሩ፣ ስንዴ የሚያክሉ አስራ አንድ ነጫጭ ነገሮች ስክሪኑን ሞሉት። «ጓዳ ውስጥ በስኒ ትተሻቸው የሄድሽ ጊዜ፣ ቅዳሜ መሰለኝ፣ ባያቸው ሻግተዋል። ይህን ሁሉ ደክማ ሊበሰብሱባት ነው ብዬ የሻገቱትን ለቅሜ በበረኪና ዘፈዘፍኳቸውና ወደ ስኒሽ መለስኳቸው። አልነገርኩሽም እንዴ?»

አልነገረቻትም። ሁለት ወር ሙሉ አልነገረቻትም።

«ሰኞ መጥተሽ ስታያቸው እንደዚያ የጮኽሽው ጸድተው ስላገኘሻቸው ደስ ብሎሽ መስሎኝ ነበር» አለች እናቷ እየሳቀች። ወዲያው ደንበኛ ገባና ማንጎ በአቮካዶ አዘዘ። አሰፋሽም ስልኩን መልሳ ወደ መጭመቂያዋ ዞረች።

ሮሃ ብርጭቆውን አስቀመጠችው። መልሳ አነሳችና የደረቀውን እንደገና ማድረቅ ጀመረች።

ነገሩ የተጀመረው ከትል ነው። ለጁስ ቤቱ ከሚመጣው ማንጎ ውስጥ የተበላሸ የማይገኝበት ሳምንት የለም። ላዩ ደህና የሚመስለው ሲቆረጥ ነጭ ትል ይተራመስበታል። አሰፋሽ «በኢየሱስ ስም!» እያለች ትጥለዋለች። ሮሃ ግን አንድ ቀን አልጥልም አለች። የፍራፍሬ ዝንብ ሴቷ የማንጎውን ልጣጭ ወግታ እንቁላሏን እንደምትጥል፣ ትሉ ውስጡን በልቶ ሲጠግብ ወጥቶ አፈር ውስጥ እንደሚገባ፣ እዚያም ጠንካራ ቡናማ ቅርፊት ለብሶ ፑፓ እንደሚሆን፣ ከፑፓውም ዝንብ እንደሚወጣ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ተምራ ነበር። ከክፍል ጓደኛዋ ከሊባን ጋር ሆነው የተጣለውን ማንጎ ለቅመው ስንት ዝንብ እንደሚወጣው ሊቆጥሩ ተነሱ። ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን የሚሆን ቀላል ሥራ ነበር። ክፍሉ ሁሉ ሳቀባቸው። «ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም!» እያሉ የሚተርቧቸው ነበሩ። ሊባን ግን ለተረብ ተረብ አያጣም፤ «ጋኑን ለእናንተ ትተንላችኋል» ይላቸው ነበር።

ከዚያ ያ ሰኞ መጣ። ሮሃ ጓዳ ገብታ ስኒውን ስታነሳ ከቡናማዎቹ መሃል አስራ አንዱ ነጭ ሆነው ተገኙ። ጩኸቷን የሰማ አንድ ደንበኛ ገንዘቡን ሳይከፍል ወጥቶ ሊሄድ ነበር። ፎቶውን ለባዮሎጂ አስተማሪያቸው ለቲቸር ምልኬሳ ላከችለት፤ ቲቸር ምልኬሳ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ላስተማሩት ለዶክተር ጸደንያ ላከው። በሳምንቱ ዶክተር ጸደንያ ራሳቸው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ሥራቸው በፍራፍሬ ዝንብ ዘረመል ላይ ነው።

«ወንዶቹን ብቻ አምክነን በብዛት ብንለቃቸው» ብለው ነበር ያን ቀን፣ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ «ሴቶቹ ከእነሱ ጋር ይጋቡና እንቁላላቸው አይፈለፈልም። ችግሩ ወንዱን ከሴቷ መለየት ነው። ዝንቦቹ ገና ፑፓ ሳሉ ተመሳሳይ ናቸው። አንዱ ጾታ ነጭ፣ ሌላው ቡናማ የሚሆንበት ዘር ቢኖረን ግን ማንም በዓይኑ ይለያቸዋል። ለዚያ መነሻው ነጭ የሚያደርገው ጂን ነው። እናንተ ያገኛችሁት ያ ከሆነ የሁለት ዓመት ድካም ታቀሉልናላችሁ።»

ከዚያም አንድ ነገር ጨመሩ። በየዓመቱ ክረምት ላይ ሁለት ተማሪዎች ቤተ ሙከራቸው ገብተው ይሠራሉ። የዘንድሮዎቹን ከዚህ ኤግዚቢሽን ይመርጣሉ። ዝንቦቹንም ያን ዕለት ይወስዷቸዋል። ኤግዚቢሽኑ የፊታችን ዓርብ ነው።

ሮሃ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ቤተ ሙከራ ሳታስበው ያደረችበት ሌሊት የለም። አይታው የማታውቀውን ክፍል መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ሳይቀር ወስናለታለች። እንደዚያ የፈለገችው ነገር በሕይወቷ አልነበረም።

«ዓርብ ፈቃድ ጠይቄ ተፈቀደልኝ» አለች አሰፋሽ ከመጭመቂያው ጩኸት በላይ። «ሥራ በገባሁ በስድስት ዓመቴ! ያን ሰማያዊውን ቀሚሴን እለብሳለሁ። የቸርች ሰዎች ሁሉ እየጸለዩልሽ ነው።»

«እማ፣ ባትመጪስ? ብዙም የሚታይ ነገር እኮ የለውም።»

«ምን ነካሽ አንቺ? ልጄ በዶክተር ፊት ስትናገር ልቅር?»

ሮሃ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ቻው ማለቷንም አላስታወሰችም።

ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄደው ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፤ ከዚያ ፀሐይ አለ ብላ ተነሳች፤ ቀጥሎ ጎማው ላይ ያለው ወንበር እግሯን አጣበባት። ረዳቱ «እህቴ፣ ወንበር ልትገዢ ነው እንዴ የምትሞክሪው?» ሲላት ተሳፋሪው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ እየቆጠረች ነበር።

ከአስራ አንዱ ነጭ ፑፓዎች ሰባት ዝንቦች ወጥተው ነበር። እነሱን ከተራ ዝንቦች ጋር አጋቧቸው። ልጆቻቸው መቶ አስራ ሁለት ፑፓ ሆኑ፤ አንድም ነጭ አልነበረባቸውም። ያን ጊዜ ሁለቱም አልደነገጡም። የተማሩት እንዲያ ነውና። ነጭነት ከአባትም ከእናትም ካልመጣ አይታይም፤ ልጆቹ ውስጥ ተደብቆ ያልፍና በልጅ ልጆቹ ከአራት በአንዱ ላይ ብቅ ይላል። ስለዚህ ሁሉም ቡናማ መሆናቸው የሚጠበቅ ነበር።

አሁን ግን ሌላም ነገር ታያት። በረኪና ያነጣው ዝንብም ቢሆን ልጆቹ ቡናማ ናቸው። ውጤቱ ለሁለቱም አንድ ነው። የልጅ ልጆቹ ፑፓ እስኪሆኑ ደግሞ ገና ሦስት ሳምንት ይቀራል። እስከዚያ ድረስ በዓለም ላይ ልዩነቱን ማወቅ የሚችል ሰው የለም፣ እናቷ ያደረገችውን ከሰማው ሰው በቀር። ከእሷ በቀር የሰማ ደግሞ የለም።

ቤት ስትደርስ ልብሷን ሳትቀይር ወጥ ቤት ገባች። ለቆጠራ ልምምድ በላስቲክ ይዛቸው ከመጣችው ቡናማ ፑፓዎች አምስቱን ስኒ ውስጥ አድርጋ በረኪና አፈሰሰችባቸው። አስር ደቂቃ አለፈ፤ ምንም የለም። ደስ አላት። በደረጃው ወርዳ ኮንዶሚኒየሙ በር ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ሃያ ደቂቃ፤ አሁንም ቡናማ ናቸው። አልጋዋን አነጠፈች፣ አነጣጠፏ አላማራትም፣ ገፈፈችው። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ጠርዛቸው ገረጣ። «አይ፣ መብራቱ ነው» አለች ለራሷ፤ ስኒውን ይዛ በረንዳ ላይ ወጣች። መብራቱ አልነበረም። ሰዓቱ ሲሞላ አምስቱም ቢጫ ሆኑ፤ ትንሽ ቆይቶ ነጡ።

ሮሃ የበረንዳውን ብረት ይዛ ቆመች። ከታች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ማዶ ያለው ያላለቀ ሕንፃ ላይ ሠራተኞች ሲሚንቶ ያወጣሉ። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ እንባው እምቢ አላት። ስኒውን መታጠቢያው ውስጥ ደፋችና ውሃውን ለረጅም ጊዜ ለቀቀችው።

*

«ሙድ አትያዢብኝ» አለ ሊባን በማግስቱ። ጠርሙሶቹ የተቀመጡበት የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበሩ። አፋቸው በአጎበር ቁራጭ በታሰረ ጠርሙሶች ውስጥ ዝንቦቹ ይርመሰመሳሉ። «በረኪና? ምን ዓይነት በረኪና?»

«ልብስ የሚታጠብበት በረኪና። ስንት ዓይነት አለ?»

«እና ማዘር አሁን ነው የሚነግሩሽ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

«እናቴን ተዋት።»

ሊባን እጁን አነሳ። ረጅም፣ ቀጭንና አፈ ቀላል ልጅ ነው። አያቶቹ ይህ ሁሉ ሰፈር ገና የጤፍ ማሳ ሳለ እዚሁ ያርሱ ነበር፤ ዘመዶቹ አሁንም በየአቅጣጫው አሉ፤ ለሁሉም ክረምት ላይ ነጭ ጋዋን እንደሚለብስ ነግሯቸዋል። እናቱ ወይዘሮ ሎሚ ጋዋኑን ራሴ ነኝ የማሰፋለት ብላ ጨርቅ ገዝታለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዋሽተናል? ነጭ አገኘን አልን። ነጭ ነው ያገኘነው። ልጆቹ ቡናማ ናቸው አልን። ቡናማ ናቸው። የትኛው ነው ውሸት?»

«ጂን ነው ብለናል።»

«‹ሊሆን ይችላል› ነው ያልነው። እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት።»

«አሁን ግን አይደለም። አሁን እናውቃለን። ትናንት አምስት አነጣሁ ስልህ!»

ሊባን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሄደ፤ ተመለሰ። «እሺ ስሚኝ። የልጅ ልጆቹ የሚወጡት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያኔ ስማችን ተመዝግቦ አልቋል። ነጭ ካልወጣ ‹ሳይንስ እንዲህ ነው፣ አንዳንዴ አይሳካም› ይሉናል። ማንም አይጎዳም።»

«ዶክተር ጸደንያ ይቆጥራሉ እኮ። በሺህ የሚቆጠር ዝንብ አርብተው ነጭ ይፈልጋሉ። የሌለ ነገር።»

«ሥራቸው ነው።»

«ውሃ ወቀጣ ነው!»

«አታካብጂ ሮሂ፣ በናትሽ!» ቀጥሎ የተናገረውን ሲናገር ግን አላያትም። «እሺ፣ ተናገሪ። እናትሽም ዓርብ ይመጣሉ አላልሽኝም? ፊት ለፊታቸው፣ በዚያ ሁሉ ወላጅ መሃል፣ ‹ያበላሸችው እናቴ ናት› ልትያቸው ነው?»

ይሄንን ነበር ከትናንት ጀምሮ ለራሷ ያላለችው። እናቷ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው። ሆሳዕና ከተማ ወንድሞቿ ሲማሩ እሷ ቤት ቀረች። የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ስትገባ ድምጿን እንኳ ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው፤ የሮሃን ውጤት ለመውሰድ ስትመጣ መምህራኑ ምንም ቢሏት «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ትወጣለች።

«እኔ የራሴን ክፍል አቀርባለሁ» አለ ሊባን ቦርሳውን እያነገተ። «ስለ ማንጎው፣ ስለ ቆጠራው። ስለ ነጮቹ የምትናገሪው አንቺ ነሽ። የፈለግሽውን በይ። እኔ ምንም አልልም።»

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሮሃ በቁሟ ነበረች ማለት ይቻላል። ሂሳብ ክፍለ ጊዜ ሁለት ጊዜ ለመውጣት ፈቃድ ጠየቀች። ለቲቸር ምልኬሳ ልትነግረው መምህራን ክፍል በር ድረስ ሄደች፤ እሱ ግን ገና ሲያያት «ሳይንቲስቷ!» ብሎ ለሌሎቹ መምህራን አስተዋወቃትና አጨበጨቡላት። ፈገግ ብላ ተመለሰች። ማታ ራት ላይ «እማ» ብላ ጀመረች። እናቷ ሰማያዊውን ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ የላላ ቁልፍ እየሰፋች ነበር፤ «ወዬ የኔ ልጅ» ስትላት «ጨው አቀብዪኝ» አለቻት።

*

ዓርብ ከሰዓት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በወላጅ ተሞልቷል። ውሃ የሚያጣራ ባልዲ አለ፣ የሚንቀሳቀስ የካርቶን ድልድይ አለ፣ ሲነኩት የሚጮኽ የሌባ ደወል አለ፤ ሁሉም ይነካዋል፣ ያለማቋረጥ ይጮኻል። የእነሮሃ ጠረጴዛ መጨረሻው ላይ ነው። ከጀርባው የተለጠፈው ትልቅ ወረቀት ላይ ሊባን በሚያምር ጽሑፉ «ነጭ የሚያደርገው ጂን ይህ ሊሆን ይችላል?» ብሎ ጽፏል።

አሰፋሽ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ከሮሃ ጋር ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ አንገቷን ነቀነቀችላት።

ዶክተር ጸደንያ ከቲቸር ምልኬሳ ጋር እየተዘዋወሩ መጡ። በእጃቸው የክትባት መያዣ የመሰለ ሰማያዊ ሳጥን ይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ክዳኑን ከፈቱት፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ ጠርሙሶቹን የሚያቅፍ ስፖንጅ ብቻ አለው።

«እሺ፣ እንስማ» አሉ።

ሊባን ጀመረ። ስለ ማንጎው ተናገረ፣ ከአንድ ሳጥን ስንት ትል እንደወጣ ተናገረ፣ ሰዉን ሁለት ጊዜ አሳቀ። ግንባሩ ግን በላብ ርሷል። «የዚህን ቀጣይ ክፍል ሮሃ ታቀርባለች» አለና ወደ ኋላ ሄዶ ግድግዳውን ተደገፈ።

ሮሃ የያዘችውን ወረቀት አየች። ሦስት መስመር ነበር። አነበበችው፤ «ከአስራ አንዱ ነጭ ፑፓዎች ሰባት ዝንቦች ወጡ። ከተራ ዝንቦች ጋር አጋባናቸው። መቶ አስራ ሁለቱም ልጆቻቸው ቡናማ ፑፓ ሆኑ።» አንዱም ቃል ውሸት አልነበረም።

«በጣም ጥሩ» አሉ ዶክተር ጸደንያ። ፊታቸው በራ። «ምልኬሳ፣ ጠርሙሶቹን አምጣልኝ እስቲ። የልጅ ልጆቹን እኛ ጋ እንቆጥራቸዋለን። ሁለት ሠራተኛ መድቤላቸዋለሁ።»

ቲቸር ምልኬሳ የመጀመሪያውን ጠርሙስ አንስቶ ስፖንጁ ላይ አኖረው። ሁለተኛውን አነሳ።

«ዶክተር፣ አይውሰዷቸው» አለች ሮሃ።

ቲቸር ምልኬሳ ጠርሙሱን እንደያዘ ቀረ።

«ጂን አይደለም። በረኪና ነው። ነጭ ከመሆናቸው በፊት በረኪና ውስጥ ተዘፍዝፈው ነበር። እኔም ማክሰኞ ነው ያወቅሁት። ሞከርኩት፤ አምስት ቡናማ አስገብቼ አምስቱም ነጡ።» ወደ ጠርሙሶቹ ጠቆመች። «ልጆቹ ቡናማ የሆኑት ጂኑ ተደብቆ አይደለም። መጀመሪያም ስለሌለ ነው።»

የሌባው ደወል አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። ዶክተር ጸደንያ መነጽራቸውን አወለቁ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የደከማቸው ነው የሚመስሉት። ያ ደግሞ ለሮሃ ከቁጣው ይልቅ ከበዳት።

«በረኪናው ምን ያህል ነበር?» አሉ።

«አላውቅም።»

«ስንት ደቂቃ ቆዩ?»

«አላውቅም፣ እኔ… እኔ አልነበርኩም።»

«ማን ነበር ታዲያ?»

ሮሃ አፏን ከፈተች። ሁለተኛውን ረድፍ ላለማየት ወለሉን አየች። «አይታወቅም» ማለት ትችል ነበር። «ረሳሁት» ማለት ትችል ነበር።

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ።

አሰፋሽ ቆማለች። ቦርሳዋን ወንበሯ ላይ ትታዋለች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቷል፤ ድምጿ ግን ዝቅ አላለም።

«ጁስ ቤት ነው የምሠራው። ለማንጎ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት ክዳን በረኪና ነው፣ አስር ደቂቃ። መክተፊያ ከሻገተ ግን ግማሽ በግማሽ አደርገዋለሁ። እነዚህም ሻግተው ስለነበር እንደ መክተፊያው ግማሽ በግማሽ አደረግኳቸው። ቶሎ ላወጣቸው ነበር። ፎቁ ላይ ያለው ቢሮ ዘጠኝ እስፕሪስ አዘዘና እሱን ስሠራ ረሳኋቸው። ሰባት ሰዓት ላይ ገቡ፣ ሳወጣቸው ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቀለቅኳቸው።» ትንፋሿን ወሰደች። «ልጄ አታውቅም ነበር። ለክፋት አይደለም ያደረግሁት።»

ከወላጆቹ መሃል አንድ ሰው ሳቀና ሌላው «እሽ!» አለው።

ዶክተር ጸደንያ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፤ ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡ። «ግማሽ በግማሽ» አሉ እየጻፉ። «ሰዓት ከሩብ። ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ። አመሰግናለሁ እናቴ፣ እንዲህ አጥርቶ የሚነግረኝ ሰው ሁልጊዜ አላገኝም።» ከዚያ ጠርሙሱን ከስፖንጁ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ መለሱትና ባዶውን ሳጥን ዘጉት። ለሮሃ የሆነ ነገር ሊሏት መሰለ፤ ትከሻዋን ብቻ ነካ አድርገዋት ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የክረምቱ ሁለት ቦታ ውሃ ለሚያጣሩት ልጆች መሰጠቱ ተነገረ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሮሃም አጨበጨበች።

እናቷ መጥታ አጠገቧ ቆመች። «ለዚህ ነው አትምጪ ያልሽኝ?»

«ታፍሪያለሽ ብዬ ነው።»

«አፍሬያለሁ» አለች አሰፋሽ። በመዳፏ ጉንጯን ጠረገች። «በጣም ነው ያፈርኩት። አንቺ ግን ማክሰኞ ነው ልትነግሪኝ የሚገባሽ። አራት ቀን ብቻሽን ይዘሽው ዞርሽ?»

የሮሃ እንባ አሁን ያለ ልመና መጣ። እናቷ እስኪያልፍላት ድረስ ያዘቻት፤ ከዚያ ቦርሳዋን ልታመጣ ሄደች።

ሰዉ መውጣት ጀምሯል። ሌሎቹ ተማሪዎች ወረቀቶቻቸውን ይገነጥላሉ። ቲቸር ምልኬሳ በአጠገቧ ሲያልፍ «ከፈለግሽ አንሺው» አላት፤ እንደ ወትሮው አልቀለደም።

ሮሃ ወረቀቱን አየችው። ልትቀደው ጫፉን ያዘች። ለቀቀችው። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ማርከር አንስታ «ነጭ የሚያደርገው ጂን ይህ ሊሆን ይችላል?» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችውና ከሥሩ መጻፍ ጀመረች፦ «አይደለም። ግማሽ በግማሽ በረኪና፣ ሰዓት ከሩብ፣ በአሰፋሽ። ከአስራ አንዱ ሰባት በሕይወት ወጡ።»

«ስድስት ናቸው።»

ዘወር አለች። ሊባን ከግድግዳው አልተነሳም። እጁን ኪሱ ውስጥ ከቷል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«አንዷ ክንፏን ሳትዘረጋ በማግስቱ ሞታለች» አለ። «ሰባት ቢባል ይሻላል ብዬ መሞቷን አልመዘገብኩም።»

ሮሃ ወደ ወረቀቱ ተመለሰች፤ «ሰባት» የሚለውን ሰርዛ «ስድስት» ብላ ጻፈች።